የጽልማውያን ንግሥት

ዘንድሮ በጥቅምት የወንድሜ ሚስት ወልዳ አራስ ልጠይቅ አሰላ ሄጄ ነበር። ወንድሜ አሁንም የሚኖረው አያታችን ሠርተውት በሄዱት ቤት ነው። ሳሎን ቁጭ ብዬ ገንፎዬን እየበላሁ ሳለ ትልቋ ልጁ ሲፈን መጥታ አጠገቤ ተለጠፈችና የአባቷን ስልክ አሳየችኝ። ጌም ነው። ጫካ አለ፣ ቤተ መንግሥት አለ፣ ሰይፍ የያዙ ትንንሽ ሰዎች ይሯሯጣሉ።

«አዳዳ፣ መጀመሪያ ዘር ትመርጫለሽ» አለችኝ። አዳዳ ማለት የአባቷ እህት ማለት ነው። «እነዚህ ጥሩዎቹ ናቸው። እነዚያ ክፉዎቹ።»

ክፉዎቹ ጎባጣ ናቸው። ቆዳቸው የከሰል መልክ አለው፣ ዓይናቸው ቀይ ነው። አንደኛው መዶሻ ይዟል።

«ምን አድርገው ነው ክፉ የተባሉት?» አልኳት።

ጥያቄዬ ገረማት። «ምንም አላደረጉም። ዘራቸው ነው» አለችኝ።

ሳህኑን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ድሮ የብረት ሥራው ዳስ የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ጎመን ተተክሏል፤ አፈሩ ግን አሁንም ጥቁር ነው። ዝናብ ሲነካው የከሰልና የዛገ ብረት ሽታ ይወጣዋል። እዚያ ቆሜ ሳለሁ ወንድሜ ተከትሎኝ መጣና «ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ጭሱ ነው» አልኩት። ጭስ አልነበረም።

በልጅቷ አልተናደድኩም። የተናደድኩት በአንድ ሰው ነው፤ ይኸው ይህን ያህል ዘመን አልለቀቀኝም። መምህር ሰለሞን ይባላል። ያኔ «እርስዎ» ነበር የምለው። አሁን አልለውም።

ስድስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ነው የመጣው። ከሌላ ከተማ ተመድቦ መጣ፤ አማርኛ ያስተምረን ጀመር። ሌሎቹ መምህራን የመግረፊያ ጎማ ይዘው ነበር የሚገቡት። እሱ ባዶ እጁን ገባ። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ አሰላ በጭቃ ስትዋጥ እንኳ ጫማው ንጹሕ ነው፣ ስማችንን በአንድ ሳምንት ያዘው። ማንንም መትቶ አያውቅም። ስለዚህ ወደድነው። እኔ ከሁሉም አብልጬ ወደድኩት።

ዓርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ደብተር አዘግቶ ራሱ የፈጠረውን ተረት ይነግረናል። በመስኮቱ ከብቅል ፋብሪካው በኩል የረጠበ ገብስ ሽታ ይገባል፤ እኛ አገጫችንን ዴስኩ ላይ ጥለን እንሰማለን። አርያድ የሚባል አገር አለ። በአርያድ ሁለት ዘሮች ይኖራሉ። ጸዳላውያን በተራራው አናት የሚኖሩ፣ ቆንጆ፣ የማይዋሹ፣ ሲናገሩ ዜማ የሚመስሉ ናቸው። ጽልማውያን ደግሞ ከመሬት በታች ይኖራሉ። ከእሳት ተወልደዋል፤ ሌሊት ሌሊት ብረት ይቀጠቅጣሉ፤ የሚበላ ሕፃን ካዩ በዓይናቸው ብቻ ደሙን ይመጥጡታል። ጽልማዊት ያየችውን ልጅ የሚያድነው የራሷ ምራቅ ብቻ ነው።

እኔ አርያድ እውነት ነበር የሚመስለኝ። ከጭላሎ ተራራ ጀርባ ያለ አገር ነው ብዬ ነበር። ጭላሎ ደመና ሲለብስ «ጽልማውያን እሳት አነደዱ» እያልኩ እፈራለሁ፤ ሲገለጥ ጸዳላውያን ያሸነፉ ይመስለኝና ደስ ይለኛል። ራሴን ከጸዳላውያን ወገን ነበር የምቆጥረው። ለምን አልቆጥርም? አልዋሽም ነበር፣ መዝሙርም እወድ ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ ወደ ዳሱ ነበር የምሄደው። አያቴና አባቴ ቀጥቃጮች ናቸው። አያታችንን አካኮ ነበር የምንላቸው። የአካኮ ማረሻ እጁ ያልገባ የአርሲ ገበሬ ያለ አይመስለኝም፤ ከጢቾ፣ ከበቆጂ በኩል ሳይቀር የሚሠራውን ብረት በአህያ ጭነው ያመጡላቸዋል። የኔ ሥራ ወናፍ መንፋት ነበር። ሁለቱን የቆዳ ከረጢቶች በተራ እጫናለሁ፣ ከሰሉ ይተነፍሳል፣ ብረቱ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ እንደ ብርቱካን ይሆናል። አካኮ ከመስፉ፣ ከመቀጥቀጫው ብረት ላይ አንስተው ውኃ ውስጥ ሲነክሩት የሚወጣው ሽታ እስከ ዛሬ ከማውቀው ሽታ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ገበሬዎቹ ዳሱ ውስጥ አይገቡም፤ ውጭ ዋርካው ሥር ቆመው ይጠብቃሉ። እሳቱን አክብረው ይመስለኝ ነበር። እናቴ ውኃ ብታወጣላቸው «ጠጥተን ነው የመጣነው» ይላሉ። የጠገቡ ሰዎች ናቸው እል ነበር። ሕፃን ያዘለች ሴት ከመጣች የልጁን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች። ብርድ ነው፣ አሰላ ብርድ ነው፣ ልጇን ከብርድ እየጠበቀች ነው ብዬ አስብ ነበር። ሙቀቱ ዳሱ ውስጥ ነው፤ ለምን አትገባም ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

ከፋሲካ በኋላ መምህር ሰለሞን ለዓመቱ መዝጊያ የአርያድን ታሪክ በቴአትር እናሳያለን አለን። በረድፍ በረድፍ እየዞረ ይመርጥ ጀመር። ቀላ ያሉትን፣ ጸጉራቸው የረዘመውን፣ ጥርሳቸው ያማረውን «ጸዳላዊ»፣ «ጸዳላዊት» እያለ ያስነሳል። አጠገቤ የምትቀመጠው ሐያት ጸዳላዊት ሆነች። የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ልጅ ትዕግስት የጸዳላውያን ንግሥት ሆነች። አንድ ዓይኑ ላይ ነጭ ያለበት ከድር የሚባል ልጅ ነበር፤ እሱን ዝም ብሎ አየው፤ «ጽልማዊ» አለ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የቶለሳ» አልኩት።

ከኋላ አንድ ልጅ «የቀጥቃጩ ልጅ ናት ቲቸር፣ ወናፍ የምትነፋው» አለ።

መምህሩ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታው ክፋት አልነበረበትም፤ ይኼ ነው የሚያበሳጨኝ። ቁልፉን ፈልጎ ያገኘ ሰው ይመስል ነበር። «እንግዲያው የጽልማውያን ንግሥት ተገኘች» አለ። «ላንቺ ልምምድ እንኳ አያስፈልግሽም፣ ለሊሴ። ከቤት መዶሻና ከሰል ብቻ አምጪልን።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጆሮዬ ውስጥ የገባው «ንግሥት» የሚለው ቃል ብቻ ነበር።

ሮጬ ነው ቤት የደረስኩት። «አካኮ፣ ንግሥት ሆንኩ፤ መዶሻ ይዘሽ ነይ ተብያለሁ» አልኳቸው። አካኮ ጉጠቱን አስቀመጡ። «ትምህርት ቤት? መዶሻ?» አሉ። አማርኛቸው ኦሮምኛ ኦሮምኛ ይል ነበር፤ «መዶሻ» ሲሉ ረዘም ያደርጉታል። «የኛን መዶሻ ትምህርት ቤት ጠየቁ?» ብለው ለአባቴ ደገሙለት። ያን ዕለት የገበሬ ሥራ አቁመው ለእጄ የሚሆን ትንሽ መዶሻ መሥራት ጀመሩ። እጀታውን ከወይራ ጠረቡት፣ በብርጭቆ ስባሪ አለሰለሱት፣ በዘይት ወለወሉት። ሰው ሲመጣ ያሳያሉ። «ለትምህርት ቤት ነው፣ ለልጅቷ» ይላሉ።

እውነቱን የነገረችኝ ሐያት ናት። ቧንቧው ጋ ተሰልፈን ነው። እኔ ጠጥቼ ስጨርስ ከኋላዬ ያሉት ልጆች ቧንቧውን በአፈር አሹት፣ አጠቡት፣ ከዚያ ጠጡ። «ምን ሆነው ነው?» አልኳት።

«ንግሥት ያለሽ የእውነት ንግሥት መስሎሻል?» አለችኝ ሐያት። በቁጣ ነበር የምታወራው፤ በኔ ይሁን በነሱ አላወቅሁም። «ቡዳ ነው ያለሽ እኮ። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይላሉ። ሰው ሁሉ ይላል። እሱ በተረት አሳምሮ አመጣው እንጂ።»

ቃሉን ሰምቼው አውቃለሁ፤ የኛ ስም መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ዋርካው ሥር የሚቆሙት ገበሬዎች፣ ያልተጠጣው ውኃ፣ በነጠላ የተሸፈኑት ሕፃናት በአንድ ጊዜ መጡብኝ። ብርድ አልነበረም። ልጆቻቸውን የሚሸፍኑት ከኔ ነው።

መምህሩ ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። «ቲቸር፣ ንግሥት መሆን አልፈልግም» አልኩት።

እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «ለምን? ጥሩ ቦታ እኮ ነው የሰጠሁሽ።»

«ልጆቹ ቧንቧ ያጥቡብኛል።»

«ተረት ነው፣ ለሊሴ። ተረት ሰው አይጎዳም። አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ፣ ይኼን ትረጃለሽ» አለኝ። ከዚያ ደብተር ማረሙን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲያ ስሜ ጠፋ። ጽልማዊት ነበር የምባለው። ከዚያ በፊት ቡዳ የሚለውን ቃል ፊት ለፊት የሚናገር ልጅ አልነበረም፤ ነውር ነው፣ ያስገርፋል። ጽልማዊት ማለት ግን ነውር አይደለም፤ መምህር ያስተማረው ቃል ነው። ምሳ ሰዓት ሳልፍ ምግባቸውን በክዳን ይሸፍናሉ። ከድርና እኔ ብቻችንን በአጥሩ ጥግ መብላት ጀመርን። ከድር ብዙ አያወራም። አንድ ቀን ብቻ «እኔ ዓይኔን ያመመኝ ሕፃን ሆኜ ነው» አለኝ። ማንም ሳይጠይቀው ነው ያስረዳኝ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የእትዬ ዘነበች ትንሹ ልጅ ታመመ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን በራቸው ላይ ቁጭ ብሎ ዳቦ ሲበላ አይቼው «ሲያምር» ብዬው አልፌ ነበር። ትዕግስት ሰምታኛለች።

ከሰዓት በኋላ ወናፍ እየነፋሁ ሳለ እትዬ ዘነበች ልጁን ታቅፈው መጡ። ዳሱ በር ላይ ቆሙ። ልጁ እሳት ሆኗል፣ ደረቱ ይርገበገባል። አልተሳደቡም። ቢሳደቡ ይሻል ነበር።

«አባቴ፣ በፈጠረዎ» አሉ ለአካኮ። «ልጅዎ እንትፍ ትበልልኝ። ሌላ ምንም አልልም። ለማንም አልናገርም። እንትፍ ትበልበትና እሄዳለሁ።»

አባቴ ጉጠቱን ይዞ ቀና አለ። «እትዬ ዘነበች፣ ልጁ ሳንባውን ነው፤ ወደ ሐኪም ይዘሽው ሂጂ» አለ።

«ሐኪም ቤቱ ይቆየኛል። መጀመሪያ እሷ...»

አካኮ እጃቸውን አንስተው አስቆሙን። ወደኔ ዞረው በዝግታ፣ በኦሮምኛ ነገሩኝ። እንትፍ ካልሽ እኔ ነኝ ማለትሽ ነው አሉኝ። ካላልሽና ልጁ ከሞተ ደግሞ ገደለችው ይሉሻል። «ኢንታላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ምን ማድረግ ትፈልጊያለሽ?»

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል? እሳቸው ላይ አልተቆጣሁም። ሌላ የሚጠይቁት አልነበራቸውም። ልጁን አየሁት፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። «ሐኪም ቤት ይሂድ» አልኩ። ከዚያ አለቀስኩ።

አባቴ ወጥቶ ጋሪ ይዞ መጣ። እትዬ ዘነበች መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ ልጁ ሲያቃስት ወጡ። አባቴ ጋሪው ላይ አብሯቸው እንዲቀመጥ አልፈለጉም። ከኋላ እየሮጠ ሆስፒታል ድረስ ሄደ፤ ካርድ አወጣላቸው፤ እስኪመሽ በር ላይ ቆመ። ልጁ ዳነ። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው ብሏል።

ሰፈራችን ግን ሌላ አለ። ስለፈሩ ለቀቁት አሉ። አባቴ የሮጠው፣ በር ላይ የቆመው፣ ጥፋታችንን ስለሚያውቅ ነው ተባለ።

አባቴ ከትምህርት ቤት ላስወጣት አለ። አካኮ እምቢ አሉ። ምን እንዳሉ ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ሰፈሩ ይህን ያህል ከጠላን፣ እዚያ እንኳ አክብረዋታል። ንግሥት አድርገዋታል። መዶሻችንን ጠይቀዋል። እንዲያውም እኔም ሄጄ አያለሁ።» አባቴ ክርክሩን ተወ። እኔም እውነቱን አልነገርኳቸውም።

የመዝጊያው ቀን ሰማዩ ከብዶ ነበር። ወላጆች በሜዳው ላይ በተደረደሩት አግዳሚዎች ተቀምጠዋል። አካኮ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጺማቸውን ተስተካክለው ከአባቴ ጋር መጡ። በተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ሌላ ሰው አልተቀመጠም። ሰፊ ቦታ የተለቀቀላቸው መስሏቸው በምስጋና ጎንበስ ሲሉ አየሁ።

መምህሩ እኔንና ከድርን ከሰል በቫዝሊን ለውሶ ፊታችንን ቀባን። ከሰሉ ከቤቴ ያመጣሁት ነው። በለስላሳ ጣቱ ጉንጬን እያሸ «ቆንጆ ሆንሽ» አለኝ።

ጸዳላውያን ነጭ ለብሰው እየዘመሩ ገቡ፤ ሰዉ አጨበጨበ። እኛ ጎንበስ ብለን፣ ጆንያ ለብሰን ገባን። መዶሻዬን ከፍ አድርጌ የተሰጠኝን አልኩ፦ «እኔ ከእሳት የተወለድኩ፣ በዓይኔ የምበላ፣ የብረት ንግሥት ነኝ።» ሰዉ ሳቀ። አንዳንድ እናቶች አልሳቁም፤ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላቸው ሸፈኑ። ቴአትር ነው። በቴአትር ላይ እንኳ ሸፈኑ።

አካኮን አየኋቸው። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ አለ፣ ግን ደርቋል። በቴአትሩ መጨረሻ ላይ ትዕግስት ሰይፏን ታነሳለች፣ እኔ እወድቃለሁ፣ መዶሻው «ለዘላለም እንዳይነሳ» ተብሎ ሰንደቁ ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ይጣላል። ትዕግስት ሰይፏን አነሳች። አልወደቅሁም። ለመቃወም ብዬ አልነበረም፤ አካኮ እያዩኝ መውደቅ አቃተኝ። መምህሩ ከመጋረጃው ኋላ «ውደቂ» አለኝ በሹክሹክታ። «ለሊሴ፣ ውደቂ።» ቆምኩ። ያን ጊዜ ከጸዳላውያን አንዱ መዶሻውን ከእጄ ቀማና ጉድጓዱ ውስጥ ወረወረው። ሰዉ በጭብጨባ ቀለጠ።

አካኮ ተነሱ። ቀስ ብለው በሜዳው መሐል መጡ። ጭብጨባው ከፊት ረድፍ ጀምሮ እየጠፋ ሄደ። ጉድጓዱ ጋ ተንበረከኩ፣ እጃቸውን ሰደው መዶሻውን አወጡ፣ ጭቃውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉት። ከዚያ እጄን ያዙ። ይዘውኝ ወደ በሩ ሄዱ። ከድር ማንም ሳይጠራው ተከተለን። ሐያትም ነጭ ልብሷን እንደለበሰች ተከተለችን፤ እናቷ ከኋላ እየጠሯት።

መንገድ ላይ ዝናቡ ጀመረ። ከሰሉ በፊቴ ላይ ይወርድ ነበር። ቤት ልንደርስ ስንል አካኮ ቆሙ።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መዶሻውን ሲሠሩ ደስ ብሎዎት ነበር» አልኳቸው።

ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሱኝ።

አባቴ በማግስቱ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደ። «ተረት እኮ ነው፣ የልጆች ነገር ነው» ተብሎ ተመለሰ። እግሩን ሳያጥብ አልጋ ላይ ወጥቶ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ሐምሌ ውስጥ መምህር ሰለሞን ራሱ መጣ። ጃንጥላ ይዟል፣ ጫማው ያን ጊዜም ንጹሕ ነው። ዳሱ ውስጥ ግን ገባ፤ እስከዚያ ቀን ከደንበኞች ማንም ያላደረገውን። አካኮ በርጩማ ሰጡት። ተቀመጠ።

«አባባ፣ ቅር እንዳይልዎ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ። «ለክፋት አልነበረም። ዘር ምናምን ብዬ አይደለም፤ የምናብ ዓለም ነው የፈጠርኩት። ለሊሴ እንደ ልጄ ናት።»

አካኮ ብዙ አዩት። «ከፋኝ» አሉ በመጨረሻ። «ግን በእግርህ መጥተህ ደጄን ረግጠሃል። ከዚህ በላይ ምን እልሃለሁ።» ወደኔ ዞረው «ቆሎ አምጪለት» አሉኝ።

እናቴ የገብስ ቆሎ በሳህን ሞልታ ሰጠችኝ። መምህሩ አንድ እፍኝ ዘገነ። «መንገድ ላይ እየበላሁ እሄዳለሁ፣ ይዘንባል» አለና አመስግኖ ወጣ። አካኮ እስከ በሩ ሸኙት።

እኔ አጥሩ ጋ ነበርኩ። የቆርቆሮው ክፍተት መንገዱን ያሳያል። ጥቂት ራቅ ብሎ ዞር አለና ደጁን አየ፤ ማንም እንደሌለ አረጋገጠ። እጁን ወደ ቦዩ ዘርግቶ ቆሎውን አራገፈው። ከዚያ መሐረብ አውጥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ፤ መሐረቡንም ጣለው። ጃንጥላውን አስተካክሎ ሄደ።

ዘር ምናምን ብዬ አይደለም ያለው ሰው ነው። የምናብ ዓለም ነው ያለው። ፈርቶን ነበር። ቡዳ መሆናችንን ከገበሬዎቹ ባልተናነሰ አምኖ፣ ከነሱ በተለየ ግን በፈገግታ ሸፍኖ፣ አሳምሮ፣ ለልጆች አስተምሮት ነበር።

ስመለስ አካኮ በርጩማው ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸው በርቶ ነበር። ከዚያ የመዝጊያ ቀን ወዲህ እንዲህ ሆነው አላየኋቸውም።

«ቆሎውን በላ?» አሉኝ።

ዓይናቸውን አየሁት። «በላ» አልኳቸው።

አካኮ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። የመምህሩ ነገር በተነሳ ቁጥር አባቴ ሊረግም አፉን ሲከፍት እሳቸው ይከለክሉታል። «ተው፣ ከቤቴ ቀምሶ የወጣ ሰው ነው፤ ክፉ አትናገረው» ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ጥርሴን እነክሳለሁ። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ያንን ሰው በፊታቸው መርገም አልቻልኩም።